የኤክስቼንጅ ሰርቨር ዲስክ እንዳይሞላ፦ የዳታቤዝና የሎግ ቦታ አደላደል

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኢሜይል ቆሟል። የሎጉ ድራይቭ ሞልቶ ዳታቤዙ ወርዶ አገኘሁት፤ ቦታ ይለቀቅ ብዬ የቆዩትን ሎጎች አጠፋኋቸው፤ አሁንም ግን አልነሳ አለኝ» አለ ልጁ። የቆዩትን ከአዲሶቹ እንዴት እንደለየ ስጠይቀው፣ የመጨረሻውን አንድ ፋይል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን በሙሉ እንደመረጠ ነገረኝ። መልሰን ያነሣነው ከ19 ቀን በፊት የተወሰደውን ባክአፕ ነበር፤ የተጎዳውን ዳታቤዝ በግድ ጠግኖ በመካከል የገባውን መልእክት ከውስጡ መልቀም ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ሌሊት ወሰደብን።

ድራይቩን የሞላው የመልእክት ብዛት አልነበረም። ባክአፕ የሚወስደው ሶፍትዌር የሚገባበት አካውንት የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ፣ በሶፍትዌሩ ላይ ግን ሳይስተካከል ቀርቶ ነበር። በየሌሊቱ «ባክአፕ አልተሳካም» የሚለው ማስጠንቀቂያም ይላክ የነበረው ሥራ ለቆ ወደ ሄደ ሠራተኛ የመልእክት ሳጥን ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሚተዳደር የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የኢሜይል ሰርቨር ዲስኩ ሞልቶ ሲቆም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቦታ ስሌት የሚናገረውን ያህል ስለ ሎግና ስለ ባክአፕ ይናገራል። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ በኤክስቼንጅ ማኔጅመንት ሼል ላይ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል መሆኑን አይዘንጉ።

ሰርቨሩ ዲስክ ላይ የሚጽፈው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ የኤክስቼንጅ ዳታቤዝ መልእክቶቹን የያዘ አንድ ትልቅ የኢዲቢ ፋይልና ከእርሱ ጋር የሚሄዱ የትራንዛክሽን ሎጎች አሉት። ከኤክስቼንጅ 2007 ወዲህ እያንዳንዱ ሎግ ልክ 1 ሜጋባይት ሲሆን፣ ቀደም ባሉት ስሪቶች 5 ሜጋባይት ነበር። አንድ መልእክት ሲገባ፣ ሲነበብ፣ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ሲዛወር ወይም ሲሰረዝ ለውጡ በቅድሚያ በሎጉ ላይ ይጻፋል፤ ወደ ኢዲቢው የሚተላለፈው ጥቂት ቆይቶ ነው። የሒሳብ ሰዎች ገቢና ወጪውን መጀመሪያ በዕለት መዝገብ ጽፈው በኋላ ወደ ዋናው መዝገብ እንደሚያዛውሩት ማለት ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋና ሰርቨሩ ቢወድቅ ዋናው መዝገብ ያልደረሰውን ከዕለት መዝገቡ አሟልቶ ይነሣል። የዕለት መዝገቡን የቀደደ ሰው ግን በዋናው መዝገብ የጎደለውን የሚያሟላበት መንገድ የለውም።

የሎግ ፎልደሩን ሲከፍቱ በ«ኢ00»፣ በ«ኢ01» ወይም በመሰል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምሩ ብዙ ፋይሎች ያገኛሉ። ከቅድመ ቅጥያው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት የሚቆጠር ስለሆነ ከ9 ቀጥሎ ፊደላት ይገቡበታል፤ ቅደም ተከተሉን ሲፈትሹ ይህ እንዳያሳስትዎት። ቁጥር የሌለው ባለ ቅድመ ቅጥያ ሎግ አሁን በመጻፍ ላይ ያለው ነው። የሲኤችኬ ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ደግሞ የትኛው ሎግ ድረስ ወደ ኢዲቢው እንደተላለፈ ይመዘግባል። የጄአርኤስ ቅጥያ ያላቸው ጥቂት ፋይሎችም አሉ፤ ድራይቩ ጨርሶ ሲሞላ ዳታቤዙ በወጉ እንዲወርድ የተያዙ የመጠባበቂያ ቦታዎች ናቸውና አይነኩም።

ምን ያህል ቦታ ያስፈልጋል?

ስሌቱን በምሳሌ መሥራት ይሻላል። 120 ሠራተኞች አሉ እንበል፤ ለእያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ኮታ ተፈቅዷል፤ አንድ ሰው በቀን 100 መልእክት ይልካልም ይቀበላልም፤ የአንዱ መልእክት አማካይ መጠን 75 ኪሎባይት ነው። በቀን 7.5 ሜጋባይት ማለት ነው። ሠራተኛው የሰረዘው መልእክት ወዲያው ስለማይጠፋና ሌላ መመሪያ ካልተሰጠ ለ14 ቀን ተመልሶ ሊገኝ በሚችልበት ስውር ፎልደር ስለሚቀመጥ፣ በአንድ ሰው ላይ 105 ሜጋባይት ገደማ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ሲደመር ለ120 ሰው 500 ጊጋባይት ያህል ይመጣል። 500ውን በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ አያጉሩት። ሁለተኛ ቅጂ በሌለው ሰርቨር ላይ አንድ ዳታቤዝ ከ200 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ማይክሮሶፍት ይመክራል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ባለበት የዳታቤዝ አቬይለቢሊቲ ግሩፕ (አንዱን ዳታቤዝ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ በቅጂ በሚይዝ የሰርቨሮች ስብስብ) ግን እስከ 2 ቴራባይት ይፈቅዳል። የልዩነቱ ምክንያት መልሶ የማንሣት ጊዜ ነው፦ ቅጂ ከሌለ ዳታቤዙ ተጎድቶ ከባክአፕ እስኪመለስ ድረስ በውስጡ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ ይጠብቃሉ። ስለዚህ 40 ሰው የያዙ፣ እያንዳንዳቸው 165 ጊጋባይት ገደማ የሚደርሱ ሦስት ዳታቤዞች ይበቃሉ። ስታንዳርድ ኤዲሽን በአንድ ሰርቨር ላይ ከ5 በላይ ዳታቤዝ አያነሣም፤ ለመልሶ ማግኛ ሥራ የሚነሣው ዳታቤዝ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

በኤክስቼንጅ 2016 ላይ የፍለጋ ማውጫው ከኢዲቢው አጠገብ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፤ የዳታቤዙን 20 በመቶ ያህል ስለሚወስድ 165 የነበረው ወደ 198 ያድጋል። ከዚህም ላይ የድራይቩ አንድ አምስተኛ ምንጊዜም ባዶ መሆን አለበት ካልን ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ 250 ጊጋባይት የሚሆን ቮልዩም ይመደባል። በኤክስቼንጅ 2019 ማውጫው ወደ ዳታቤዙ ውስጥ ስለገባ ለብቻው ፎልደር አይታሰብለትም። የ2016 እና የ2019 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ አዲስ የሚተክል ሰው ተተኪያቸው በሆነው በሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ላይ ነው የሚያሰላው።

የሎጉ ስሌት የተለየ ነው። በቀን 100 መልእክት የሚያስተናግድ የመልእክት ሳጥን ወደ 20 የሚሆን ሎግ ያመነጫል፤ 120ው ሰው በቀን 2,400 ሎግ፣ ማለትም 2.4 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። «እንግዲያው 10 ጊጋባይት ይበቃል» የሚል ሰው በረጅም የበዓል ቀናት ይያዛል። ባክአፕ ለአሥር ቀን ቢያቋርጥ 24 ጊጋባይት ይከማቻል። ከዚህም የከፋው የመልእክት ሳጥኖችን ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ የማዛወር ሥራ ነው፤ የሚዛወረው ሁሉ በመድረሻው ዳታቤዝ ሎግ ላይ ስለሚጻፍ 160 ጊጋባይት መልእክት በአንድ ሌሊት ቢዛወር ወደ 160,000 የሚጠጋ ሎግ በአንድ ሌሊት ይወለዳል። የኔ ልማድ ለሎግ ቮልዩሙ የአሥር ቀን ክምችትና አንድ ሰፊ ዝውውር የሚችል ቦታ መስጠት ነው፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ዝውውሩን አሥር አሥር ሰው እያደረጉ በመካከል ባክአፕ ይውሰዱ።

አቀማመጡ

የኔ ዋና ደንብ አንዱ ድራይቭ ሲሞላ ሌላውን ይዞ መውደቅ የለበትም የሚል ነው። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና የኤክስቼንጅ ፕሮግራሙ በሲ ድራይቭ፣ እያንዳንዱ ዳታቤዝ በራሱ ቮልዩም፣ ሎጎቹም ከኢዲቢው በተለየ ቮልዩም ላይ ይቀመጣሉ። ቅጂ በሌለው ሰርቨር ላይ ሎጉና ኢዲቢው በተለያዩ አካላዊ ዲስኮች ላይ መሆናቸው ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ኢዲቢውን የያዘው ዲስክ ቢቃጠል የትናንት ማታውን ባክአፕ መልሰው የዛሬውን ሎግ በላዩ በማጫወት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ያለውን ያገኛሉ። ሁለቱም በአንድ ዲስክ ላይ ከነበሩ ግን አብረው ይሄዳሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጂ ባለበት ግሩፕ ውስጥ ይህ መለያየት አስፈላጊ አይደለም።

ቮልዩሞቹን ሲፎርማቱ የክላስተር መጠኑን 64 ኪሎባይት ያድርጉት። ነባሩ ልማድ 4 ኪሎባይት ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል፤ በኋላ ለመቀየር ደግሞ ድራይቩን እንደ አዲስ መፎርማት ግድ ይላል። የተሠራውን ለመፈተሽ «ኤፍኤስዩቲል ኤፍኤስኢንፎ ኤንቲኤፍኤስኢንፎ» ብለው የድራይቩን ፊደል ይጨምሩ፤ በአንድ ክላስተር 65,536 ባይት የሚል ካዩ ትክክል ነው። ከኤንቲኤፍኤስ ይልቅ ሪኤፍኤስ የተባለውን የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት የሚጠቀሙ ከሆነ ለዳታቤዝ ፋይሎቹ የኢንተግሪቲ ባሕሪው መጥፋት አለበት።

ሰርቨሩ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ለዳታቤዝ የሚሰጠው ቨርቹዋል ዲስክ ቦታውን አስቀድሞ የያዘ ይሁን። እየተጠቀሙ የሚያድግ ዲስክ በወረቀት ላይ 250 ጊጋባይት ቢልም፣ ከሥሩ ያለው የሆስቱ ማከማቻ ሲያልቅ ኤክስቼንጁ ብቻ ሳይሆን በዚያ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ይቆማሉ። የኤንኤፍኤስ ማከማቻ (በኔትወርክ የሚጋራ የፋይል ማከማቻ) ለኤክስቼንጅ ዳታ አይደገፍም፤ የማሽኑ ስናፕሾትም ባክአፕ አይደለም። መብራት እንደኛ አገር በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ዲስኮቹን የሚያስተባብረው የሬይድ ካርድ የጽሑፍ ካሽ (ወደ ዲስክ ከመጻፉ በፊት መረጃ የሚያርፍበት ማኅደር) የራሱ ባትሪ እንዳለውና ባትሪው እንደሚሠራ ዩፒኤሱን ከማየት ጋር አብሮ መታየት አለበት። ሰርቨሩ «ጽፌአለሁ» ያለው መረጃ ገና በካሹ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ኢዲቢው ይጎዳልና።

ሎግ በትክክል የሚጠፋው እንዴት ነው?

ሎጎችን የማጥፋት ሥልጣን ያለው ኤክስቼንጁ ራሱ ብቻ ሲሆን፣ የሚያጠፋቸውም ኤክስቼንጅን የሚያውቅ ባክአፕ በቪኤስኤስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለን ዳታ ለባክአፕ በሚያዘጋጀው የዊንዶውስ አገልግሎት በኩል ሲጠናቀቅ ነው። ሙሉ ባክአፕና ኢንክሪመንታል ባክአፕ ሎግ ያጸዳሉ፤ ዲፈረንሺያልና ኮፒ የሚባሉት አያጸዱም። የኢዲቢ ፋይሉን ወይም መላውን ማሽን እንዲሁ የሚገለብጥ ሶፍትዌር በየሌሊቱ «ተሳክቷል» እያለ ሎጉ ሊከመር ይችላል፤ ለኤክስቼንጁ ግን ባክአፕ የሚባል ነገር ጨርሶ አልተወሰደም።

ስለዚህ የባክአፕ ሶፍትዌሩ የሚልክልዎትን አረንጓዴ ምልክት ሳይሆን ኤክስቼንጁን ይጠይቁ። «ጌት-ሜይልቦክስዳታቤዝ» የሚለውን ትእዛዝ «ስታተስ» ከሚለው ምርጫ ጋር ሰጥተው «ላስትፉልባክአፕ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ ቀኑ ባዶ ወይም የቆየ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል። በኢቨንት ቪውወር የአፕሊኬሽን መዝገብ ላይ ከኢኤስኢ (ከኤክስቼንጁ የዳታቤዝ ሞተር) የሚመጣው ቁጥር 224 ሎጎች መጥፋታቸውን፣ ቁጥር 225 ደግሞ የሚጠፋ ሎግ አለመገኘቱን ይነግራል። «ቪኤስኤስአድሚን ሊስት ራይተርስ» የሚለው ትእዛዝ በበኩሉ የኤክስቼንጁ ራይተር (ከቪኤስኤስ ጋር የሚነጋገረው ክፍል) የተረጋጋና ስሕተት የሌለበት መሆኑን ያሳያል። በግሩፕ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች ላይ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ አንዱ ቅጂ ከተቋረጠ ወይም ከታገደ፣ ያ ቅጂ ገና ያልተቀበላቸው ሎጎች ባክአፕ ቢወሰድም በሌሎቹ ላይ አይጠፉም።

ባክአፑ ደህና ሆኖ ሎጉ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ሲወለድ ደግሞ የሚመረመረው ተጠቃሚ ነው። በፌብሩዋሪ 2013 እ.ኤ.አ. የአይፎን ስሪት 6.1 በካላንደር ማመሳሰል ላይ በነበረበት ግድፈት ምክንያት አንድ ስልክ ብቻውን ሰርቨሩን በሎግ ሲያጥለቀልቅ ታይቷል፤ አፕል በዚያው ወር በስሪት 6.1.2 አረመው። ዛሬም የተበላሸ የካላንደር ቀጠሮ ደጋግሞ ለማመሳሰል የሚሞክር ስልክ ያንኑ ያደርጋል። «ጌት-ስቶርዩሴጅስታቲስቲክስ» የትኛው የመልእክት ሳጥን ሰርቨሩን እንደሚያደክም ይጠቁማል፤ የተጠረጠረውን ሰው አክቲቭሲንክ (ስልኩን ከሰርቨሩ ጋር የሚያመሳስለውን አገልግሎት) ለአንድ ሰዓት ዘግተው የሎጉ ፍጥነት ከቀነሰ ተገኝቷል።

ሞልቶ ከተገኘስ?

በመጀመሪያ ምንም አይሰርዙ። በዚያ ድራይቭ ላይ ከኤክስቼንጅ ጋር የማይገናኝ ነገር ይፈልጉ፤ አንድ ሰው ያስቀመጠው የአይኤስኦ ፋይል ወይም የተረሳ የፒኤስቲ (የአውትሉክ መልእክት ማከማቻ) ፋይል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማሽኑ ቨርቹዋል ከሆነ ዲስኩን 20 ጊጋባይት ማስፋት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቦታ እንደተገኘ ዳታቤዙን አንሥተው ወዲያው ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ዳታቤዙ እንደወረደ ኢዲቢውን ከኤክስቼንጁ ጋር በሚመጣው የዳታቤዝ መሣሪያ በ«ኢኤስኢዩቲል» በ«ኤምኤች» ምርጫ ይመርምሩት። ውጤቱ «ክሊን ሸትዳውን» ካለ በሎጉ ላይ ያለው ሁሉ ኢዲቢው ውስጥ ገብቷል፤ «ደርቲ ሸትዳውን» ካለ ግን «ሎግ ሪኳየርድ» በሚለው መስመር ላይ ያሉት ከ–እስከ ቁጥሮች የግድ የሚፈለጉ ሎጎች ናቸው። ከመነሻ ቁጥሩ በፊት ያሉትን ብቻ ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛውሩ፤ አዛውሩ እንጂ አጥፉ አላልኩም። ያ የደወለልኝ ልጅ ይህችን አንዲት መስመር አይቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር። የተዛወሩት ሎጎች አዲሱ ሙሉ ባክአፕ ተወስዶ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆያሉ።

ወደ ኢዲቢው የተላለፉትን ሎጎች ባክአፕ ሳይጠብቅ የሚያጠፋውን ሰርኩላር ሎጊንግ የሚባለውን ማብራትም ሎጉን ወዲያው ያጸዳል። በግሩፕ ውስጥ ካልሆነ ዳታቤዙን አውርዶ ማንሣት ይጠይቃል። ችግሩ እርሱ በበራበት ጊዜ ከባክአፕ በኋላ የገባውን መልእክት በሎግ መልሶ ማግኘት አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ዝውውር ወይም ለጭንቅ ቀን አብርተውት፣ ሥራው ሲያልቅ አጥፍተው፣ በዚያው ሰዓት ሙሉ ባክአፕ ካልወሰዱ በቀር ቅጂ በሌለው ሰርቨር ላይ አልመክረውም።

መልእክት ተሰርዞ ፋይሉ የማያንሰው ለምንድን ነው?

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ «አሮጌ ኢሜይል አጥፉ» ብለው ካዘዙ በኋላ ኢዲቢው በአንድ ሜጋባይት እንኳ አለመቀነሱን አይተው ሲቆጡ ታዝቤአለሁ። እህሉ ስለወጣ ጎተራው አይጠብም። የተሰረዘው መልእክት 14 ቀኑን ጨርሶ ሲጸዳ የነበረበት ገጽ ባዶ ይሆናል፤ ኤክስቼንጁም አዲስ መልእክት በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፋል እንጂ ፋይሉን ለዊንዶውስ ቆርጦ አይመልስም። በሌላ አነጋገር ማጽዳቱ የፋይሉን እድገት ያቆማል፣ መጠኑን ግን አይቀንስም። የባዶውን ገጽ ብዛት ከላይ ባልነው በ«ጌት-ሜይልቦክስዳታቤዝ» ትእዛዝ ውጤት ላይ «አቬይለብልኒውሜይልቦክስስፔስ» በሚለው ዓምድ ያገኙታል፤ እውነተኛው ባዶ ቦታ ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል።

ፋይሉ የግድ ማነስ ካለበት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዳታቤዙን አውርዶ በ«ኢኤስኢዩቲል» በ«ዲ» ምርጫ ማመቅ ነው፤ ከሚጠበቀው አዲስ ፋይል 110 በመቶ የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ እስኪያልቅ ኢሜይል የለም፣ ሲያልቅም የቀድሞዎቹ ሎጎች ለአዲሱ ፋይል ስለማይሠሩ ባክአፕ እንደገና ይወሰዳል። እኔ ከተጠቀምኩበት ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው መንገድ በሌላ ቮልዩም ላይ አዲስ ዳታቤዝ ፈጥሮ የመልእክት ሳጥኖቹን በ«ኒው-ሙቭሪኩዌስት» ማዛወር ነው፤ ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ ይካሄዳል፣ ባዶ ገጾቹም አብረው አይሄዱም። ከዝውውሩ በኋላ የቀድሞው ቅጂ በአሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ለ30 ቀን ስለሚቆይ ቦታ ወዲያው ተለቀቀ ብለው አይጠብቁ። አሮጌውን ዳታቤዝ ለመሰረዝ ሲነሡ ኤክስቼንጁ ለራሱ ሥራ የሚጠቀምባቸውን የአርቢትሬሽንና የኦዲት ሳጥኖች፣ እንዲሁም የአርካይቭ ሳጥኖችን አስቀድመው ያውጡ። «ሪሙቭ-ሜይልቦክስዳታቤዝ» ዳታቤዙን ከመዝገብ ብቻ ስለሚያወጣው የኢዲቢ ፋይሉን ከፎልደሩ በእጅዎ ማጥፋት ይኖርብዎታል፤ ይህን የረሱ ሰዎች ድራይቭ ላይ የሙታን ዳታቤዞች ተጋድመው አግኝቼአለሁ።

የተረሳው ሲ ድራይቭ

ዳታቤዙ በሰፊ ድራይቭ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ከውጭ የሚላክ መልእክት «452 4.3.1» በሚል ምላሽ ከተመለሰ ሲ ድራይቭን ይዩ። ወረፋ የሚጠብቁ መልእክቶች የሚያርፉበት «ሜይል.ኪውዩኢ» የተባለ የራሱ ዳታቤዝ ያለው የትራንስፖርት አገልግሎት በነባሩ አሠራር የሚቀመጠው ኤክስቼንጁ በተጫነበት ድራይቭ ላይ ነው፤ ቦታ ሲያንሰው አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል። ከፕሮግራሙ ጋር «ስክሪፕትስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ በሚመጣው «ሙቭ-ትራንስፖርትዳታቤዝ» በተሰኘው ስክሪፕት ወደ ሌላ ቮልዩም ሊያዛውሩት ይችላሉ። ሲ ድራይቭን ቀስ በቀስ የሚበሉት ሌሎቹ ሁለቱ በኤክስቼንጁ ፎልደር ሥር ያለው «ሎጊንግ» የተባለው ፎልደርና በ«ኢኔትፐብ» ሥር ያሉት የአይአይኤስ (የዊንዶውስ የድር ሰርቨር) መዝገቦች ናቸው። እነዚህ ከትራንዛክሽን ሎጎቹ ጋር በስም ብቻ የሚገናኙ የምርመራ መዝገቦች ስለሆኑ፣ ከ14 ቀን በላይ የሆናቸውን በየሌሊቱ የሚያጠፋ የታስክ ስኬጁለር ሥራ ያለ ስጋት ማዘጋጀት ይቻላል። ስክሪፕቱን ሲጽፉ ግን መንገዱን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ «ሎግ» የሚል ቅጥያ ያለውን ሁሉ በመላ ድራይቩ ላይ የሚፈልግ ስክሪፕት የዳታቤዙን ሎጎችም ያገኛቸዋል።